ሳናይ አንከፍልም፦ በግንባታ ውላችን ውስጥ ስለ ክትትልና ምርመራ

(ወረታ ላይ ለማኅበራችን አባላትና ድጋፍ ሰጪዎች የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ ቁጥር ሊደረደር ነው ብላችሁ እንደምታስቡ እናውቃለን። ዛሬ ቁጥሩን አሳጥረን በቅርቡ ስለምንፈርመው የሩዝ መፈልፈያ ቤት ውል እንነጋገራለን። ከዚያ በፊት ግን መጋዘናችንን ማንሣት የግድ ነው፤ ነገሩ የጀመረው እዚያ ነውና።

መጋዘኑን የተረከብነው በኅዳር ነበር። ሩዝ ታጭዶ አውድማ ላይ ስለነበር ሁላችንም ቸኩለናል። ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ቡና ተፈላ፣ የግድግዳው ቀለም አማረ ተባለ። ክረምቱ ሲገባ ወለሉ ያላብ ጀመር። ከሥር የተደረደሩት 14 ጆንያዎች ሻገቱ። ሩዙ የማን እንደነበር እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለማዳበሪያ ዕዳ የተቀመጠ ነበር። ወለሉን ስናስቆፍር ከሊሾው በታች መነጠፍ የነበረበት ድንጋይ የለም። ሊሾው የፈሰሰው በቀጥታ ዋልካው ላይ ነው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተብሎ ተጽፏል፣ ተከፍሎበታልም። ክፍያውን ያወራረድነው እኛ ነን። ደረሰኙ ትክክል፣ ድምሩ ትክክል፣ ፊርማው የተሟላ ነበር። ከእኛ ግን ጉድጓዱን ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም።

የፎገራን መሬት እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃው ሜዳውን ይለብሰዋል፤ የ1998 ክረምት ጎርፍ ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጣ የሚረሳ የለም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ዋናው ሥራ ያለው ከወለል በታች ነው፤ ከወለል በታች ያለው ደግሞ አንዴ ከተሸፈነ አይታይም።

ውሉን መልሰን አነበብነው። አራት ገጽ ነው። ስለ ዋጋ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ መዘግየት ቅጣት በዝርዝር ይናገራል። ስለ ማየት ያለው አንድ መሥመር ብቻ ነው፦ «አሠሪው ሥራውን ሊከታተል ይችላል»። ማን ይከታተላል? መቼ? ያልወደደውን ነገር ሲያይስ ምን ያደርጋል? አልተጻፈም።

ተቋራጩ ዘንድ ስንሄድ «በጊዜው ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉን። ከእህቶቻችን አንዷ በዚያ ስታልፍ «ድንጋዩ የታለ?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ «ነገ ይመጣል» ተብላለች። ምስክር የለ፣ ወረቀት የለ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1772 አንዱ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። መንገድ ላይ የተባለ ቃል ክርክር ሲመጣ አያቆምም። ደግነቱ ሕጉ በቁጥር 3039 ሠሪው ለሥራው ደኅንነትና ለግንባታው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተናል፤ ንግግሩም አላለቀም።

እንግዲህ ወደ አዲሱ ረቂቅ። ብዙ ጊዜ የወሰደብን የሚሸፈን ሥራን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። ተቋራጩ መሠረት ከመሙላቱ፣ ፌሮ ላይ ኮንክሪት ከማፍሰሱ፣ ሊሾ ከማንጠፉ በፊት ከ48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ይነግረናል። ሳይነግረን ከሸፈነ በራሱ ወጪ ገልጦ ያሳየናል። ነግሮን እኛ ሳንመጣ ከቀረን ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ በኋላ «ግለጥልን» ብለን ሥራው ደህና ሆኖ ከተገኘ ወጪው የእኛ ነው። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከእናንተ መካከል ተቃውሞ ገጥሞታል። እኛ ግን ተገቢ ነው እንላለን። ተጠርቶ የቀረ ሰው ሌላውን ሊያስቀጣ አይገባም፤ እኛንም ከቤት የሚያስወጣን ይኸው ነው። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ፊዲክ የሚባለው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ለትልልቅ ሥራዎች ባዘጋጃቸው የውል ሞዴሎች ውስጥም ያለ ነው።

«እኛ መሐንዲስ አይደለን፣ ምን እናያለን?» ያላችሁ አላችሁ። መሬቷን እኩል የሰጠች ሴት ባታርስም በአረም ጊዜ ማሳዋን ዞር ብላ ታያለች፣ ምርት የሚካፈሉ ዕለት ከአውድማው አትቀርም። የቀረች እንደሆነ የተሰጣትን ተቀብላ ትገባለች። ጠላ የምትጠምቅ ሴትም ጌሾው ከብቅሉ ጋር እንደማይመጣጠን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። የኮንክሪቱ ልክ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር ከተባለ ሳጥን መቁጠር ነው። የድንጋዩ ውፍረት 25 ሳንቲ ሜትር ከተባለ ሜትር መያዝ ነው። የፌሮ ውፍረትና የአርማታ ጥንካሬ የባለሙያ ጉዳይ ስለሆነ መሐንዲስ ለአምስት ቀን ብቻ እንቀጥራለን፦ ለመሠረቱ ጉድጓድ፣ ለፌሮው፣ ለኮንክሪቱ፣ ለወለሉና ለጣሪያው። ከኮንክሪቱ 15 ሳንቲ ሜትር ጎን ያላቸው ኩቦች ተቀድተው በ7 እና በ28 ቀናቸው ባሕር ዳር ላብራቶሪ ይፈተናሉ። ውጤቱ ሳይመጣ የዚያ ክፍል ክፍያ አይወጣም።

ሦስት እህቶች በተራ ሳይት ይውላሉ። ሥልጣናቸው ግን ልክ አለው። ይጠይቃሉ፣ ይለካሉ፣ በሳይት መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ፣ የተቋራጩን ፎርማን ያስፈርማሉ። ሠራተኛውን «እንዲህ አድርግ፣ ያንን አፍርስ» አይሉም። አንዴ ካዘዝን «ራሳችሁ ያላችሁኝን ነው የሠራሁት» ይባላል፣ ጥፋቱም ወደ እኛ ይዞራል። በረቂቁ ውስጥም ማየታችንና ዝም ማለታችን ተቋራጩን ከኃላፊነት እንደማያወጣው ጽፈናል። የተቋራጩን ምሳም አንበላም። ይህችን ውል ውስጥ አላስገባናትም፤ እዚሁ እንስማማ።

ስለ መያዣ ገንዘብ በአጭሩ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ከመቶ 5 እጅ እናስቀራለን። ለመጋዘኑም አስቀርተን ነበር፤ ስህተታችን የጊዜው ነው። ስድስት ወር አልን፤ ከኅዳር ቆጥራችሁ እዩት፣ ግንቦት ላይ ያልቃል። ገንዘቡን የመለስነው ዝናብ ወለሉን ሳይፈትነው ነው። አሁን ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል፤ ቀሪው ቤቱ አንድ ሙሉ ክረምት ካሳለፈ በኋላ፣ በመስከረም፣ ወለሉን አብረን አይተን።

ከሁሉ የከበደው ይሉኝታው ነው። «ሰውየውን እንደ ሌባ መጠበቅ ነው» ተብሏል። ደህና ሠሪ መዝገቡን ይወደዋል፤ እኛ ክፍያ ብናዘገይ፣ ሥራ ብንጨምር፣ ቃላችንን ብናጥፍ የሚከራከርልን ሳይሆን የሚከራከርብን በዚያው መዝገብ ነው። ረቂቁ ለእሱም ጥበቃ አለው፦ ሥራው በጋራ በተለካ በ14 ቀን ውስጥ ካልከፈልን ሥራ የማቆም መብት አለው።

ድጋፍ ሰጪዎቻችን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ነገር እንናገር፤ አትቀየሙን። መጋዘኑን በጥድፊያ የተረከብነው ለምርቱ ስንል ብቻ አልነበረም። የፕሮጀክቱ በጀት ሊዘጋ ነበር፤ ያልተጠናቀቀ ሥራ ሪፖርት ማድረግ አሳፍሮን ነበር። የሻገተውን ሩዝም ለሁለት ወር ያህል አልጻፍንላችሁም። የአምስት ቀን የመሐንዲስ ክፍያና የላብራቶሪው ወጪ በበጀቱ ውስጥ እንዲገባ፣ መያዣ ገንዘቡም በጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በባንክ እንዲቆይ እንድትፈቅዱልን እንጠይቃለን። መልሱ ካልተገኘ ውሉን ለመፈረም አንቸኩልም።

ረቂቁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ማንበብ የማትችሉም ኑ። ሳይት ለሚውሉት ሦስት እህቶች እጩ ያላችሁ ስሟን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። ሜትሩን ገዝተናል።