ጥናት ወደ ባለቤቱ ይመለስ



ዕፀዋትን የሚመረምር ሊቅ ቅጠል ቈርጦ ቢወስድ፣ ዛፉ «ከእኔ ምን ተገኘ?» ብሎ አይጠይቅም። ሰው ግን ይጠይቃል። ስለ ሕዝብ አኗኗር የሚደረግ ምርምር የሚሠራው ከሕዝቡ ቃል ነውና፣ ጊዜውን ሠውቶ፣ የቤቱን ገመና ገልጦ የመለሰ ሰው ሁሉ ከቃሉ የተገኘውን ፍሬ ማወቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጥናት አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ እነሆ። ያንግ ላይቭስ የተባለው፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ምርምር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ከፊሎቹን ከ1 ዓመት፣ ከፊሎቹን ከ8 ዓመት ዕድሜያቸው አንሥቶ ተከታትሏል። ከእነርሱም 3,000 ያህሉ በ20 ሥፍራዎች የተመረጡ የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው። ከዚሁ ምርምር ተውጣጥቶ በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የምርምር ክፍል ያሳተመው ጽሑፍ በተለይ መምህራንን ይመለከታል። በኢትዮጵያ ከተጠየቁት የ8 ዓመት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል፣ ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪን ሲመታ ማየታቸውን መስክረዋል። በአራቱም አገሮች በትንንሾቹ ላይ የሚደርሰው ዱላ በ15 ዓመት ልጆች ላይ ከሚደርሰው ከእጥፍ ይበልጣል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤትን የሚጠሉበትን ምክንያት ሲናገሩ ከሁሉ አስቀድመው የጠቀሱት በመምህራንና በተማሪዎች የሚደርስባቸውን ምትና ስድብ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። እንግዲህ በአንድ ወገን ሕጉ፣ በሌላው ወገን የልጆቹ ምስክርነት ቆመዋል። በመካከሉ ያለው ወላጅ ግን ሁለቱንም ሳይሰማ ይኖራል፤ አንዳንዱም ልጁን ለመምህሩ ሲያስረክብ አርጩሜውንም አብሮ ይፈቅዳል።

ይህን ወሬ ለሕዝብ የሚያደርስ ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ፣ ቍጥሩን በሰው አንደበት ይናገር፤ በዕድር ስብሰባ ላይ «75 በመቶ» ከማለት «ከአራት ልጆች ሦስቱ» ማለት ይሻላል። ሁለተኛ፣ የጥናቱን ወሰን አይደብቅ። የተመረጡት ሥፍራዎች ወደ ድኾች ያዘነበሉ ስለ ሆኑ የአገሩን ልጅ ሁሉ አይወክሉም፤ ይህን የሸሸገ ተናጋሪ፣ አንድ አስተዋይ አድማጭ ሲደርስበት እውነተኛው ነገር ሳይቀር ይታበልበታል። ሦስተኛ፣ ምስክርነቱን የሰጠውን ልጅ ስም አያንሣ፤ ስለ ዱላ የተናገረ ልጅ በተናገረው ምክንያት ዳግመኛ እንዳይመታ።

አራተኛውና ዋናው፣ ከተናገረ በኋላ ያዳምጥ። አንዱ አባት ተነሥቶ «እኛም በአርጩሜ ነው ያደግነው» ይል ይሆናል። አንዲት መምህርትም የተጨናነቀ ክፍል ያለ ቅጣት እንዴት ጸጥ እንደሚል ትጠይቅ ይሆናል። ይህ አነጋገር ከድንቍርና ተቈጥሮ ሊናቅ አይገባውም። የአባትዮው ቃል ለውይይት፣ የመምህርቲቱ ጥያቄ ለሚቀጥለው ጥናት መነሻ ነው። ስብከት ብቻ ከሆነ ግን ሕዝቡ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አርጩሜውም ከቦታው አይነሣም።

ለዚህ አገልግሎት ከመምህር የቀረበ ሰው የለም። የመጻሕፍቱንም ቋንቋ፣ የመንደሩንም ቋንቋ ያውቃል፤ በወላጆችና በመምህራን ስብሰባም ቃሉ ይሰማል። ይህ ምስክርነት ግን በራሱ እጅ ስላለው ዱላ የሚናገር ነውና፣ መምህሩ ለሌላው ከማንበቡ በፊት በመጀመሪያ ለራሱ ሊያነብበው ይገባል። ያን ጊዜ የ8 ዓመቱ ልጅ የሰጠው ቃል በከንቱ አይቀርም፤ በማግሥቱም ደጁን ሳይፈራ ወደ ክፍሉ ይገባል።