አዲስ ብስክሌትና የመቀመጫ ሕመም
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል)



ዛሬ የምንናገረው ነገር አንዳንዱን ያስቅ፣ አንዳንዱን ያሳፍር ይሆናል። ይሁን፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ቁም ነገሩ ይቅርልን። ጉዳዩ አዲስ ብስክሌት በገዛ ሰው ላይ የሚደርሰው የመቀመጫ ሕመም ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ የፎገራ ሜዳ ለብስክሌት የተመቸ አገር ነው። ዳገት የሚያስቸግረን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስንገነጠል ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ዋልካው ጎማ ሲይዝ ብስክሌቱ ቤት ይውላል። መሬቱ ደርቆ፣ ሩዙ ታጭዶ ገንዘብ እጅ ሲገባ ደግሞ አዲስ ብስክሌት መግዛት ይመጣል።

ታዲያ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ቀን ገበያ፣ ዘመድ ቤት፣ የትም እንሄድበታለን። በሦስተኛው ቀን በርጩማ ላይ መቀመጥ ያቅተናል። በሳምንቱ ብስክሌቱ ከግድግዳ ተደግፎ ዶሮ ይሰፍርበታል። ከእኛም መካከል ይህ የደረሰብን አለን። ብዙ የተደከመበት የሩዝ ገንዘብ እንዲያ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ግን ትምህርት ቤት በብስክሌት የምትመላለስ ልጅ በእግሯ መሄድ ስትጀምርና ምክንያቱን ለእናቷ እንኳ መናገር ስታፍር ነው።

ወገኖቻችን፣ ገበሬው ይህን ነገር ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ቀንበር የሚለምድ ወይፈን መጀመሪያውኑ ሙሉ ቀን አይጠመድም። ጥቂት ሠርቶ ይፈታል፤ በማግሥቱ ጥቂት ይጨመርለታል። አህያም ጭነቱ ካልተስተካከለ ገጣባ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የጫኙ እንጂ የአህያው አይደለም። ለከብቶቻችን የምናውቀውን ለራሳችን ለምን እንነፍጋለን?

ሕመሙ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመለማመድ ሕመም ነው። ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ክብደታችን በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል። በዙሪያቸው ያለው ሥጋ ጠባቡን ኮርቻ ስላልለመደ ያመዋል። ይህ ይለቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ብቻ መንዳት፣ በመሐል አንድ ቀን ማረፍ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው በሁለትና በሦስት ሳምንት ይለምደዋል። ገና ሳይለምዱ እስከ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል መጋለብ ግን ወይፈኑን በመጀመሪያው ቀን መግደል ነው።

ሁለተኛው መላጥ ነው። ከላብ፣ ከእርጥብ ልብስና ከመፋተግ ይመጣል። ይህኛው በመቻል አይድንም። በተላጠ ቆዳ ላይ መንዳት ቁስሉን ያብሰዋል። ስለዚህ እስኪሽር ድረስ ብስክሌቱን ማሳረፍ፣ ገላን በውኃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ የላብ ልብስ መቀየር ያስፈልጋል። ወፍራም ስፌት ያለው ጂንስ ይፋትጋል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከመንዳት በፊት ጥቂት ቫዝሊን መቀባት ይረዳል።

ኮርቻውንም እንይ። ብስክሌቱ ሲገዛ እንደነበረ መንዳት ትልቅ ስሕተት ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጠን፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችን ፔዳሉን ነክቶ እግራችን ቀጥ ይበል። በጣም ከፍ ካለ ወገባችን ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ቆዳችንን ይልጠዋል። በጣም ዝቅ ካለ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ ላይ ይወድቃል፤ ጉልበትም ያማል። የኮርቻው አፍንጫ ሽቅብ አይይ፤ ደልደል ብሎ ይቀመጥ። ለዚህ ቡሎኑን ማላላትና ማጥበቅ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ስፖንጅ ማብዛትም ሁልጊዜ አይበጅም፤ ሰው ወደ ውስጥ ይሰምጥና ስፖንጁ ለስላሳውን ገላ ይጫነዋል። ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ ደግሞ በፔዳሉ ላይ ቆም ማለት ነው።

ይህን ማውራት ነውር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት አሰልፋ ነበር። ዛሬም የብስክሌት ተወዳዳሪዎች መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ቁምጣ ነው የሚለብሱት። ሙያቸው የሆነ ሰዎች ለመቀመጫቸው እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ እኛ ምን ያሳፍረናል?

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ከወረድን በኋላ መደንዘዙ ካልለቀቀ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ትንሿንም ቁስል አይናቅ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ብስክሌት ስትገዙ በሳምንቱ «ኮርቻው ተመቸሽ ወይ? ተመቸህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁልፍ ያላችሁ ጎረቤቶችም ለሌላው አውሱ። ዶሮዎቹም ሌላ ማደሪያ ይፈልጉ።