ያለ ንግግር ስለሚሠራው የድርቅና የጎርፍ ቲያትር
(የማኅበሩ ጸሐፊ ለሰፈሩ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



አንዳንዶቻችሁ «ይኼ ልጆቹ በማኅበሩ ግቢ መሬት ላይ የሚንከባለሉት ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መልስ ይገባዋል።

የሚለማመዱት ቲያትር ነው፤ ንግግር ግን የለበትም። በእጅ፣ በእግር፣ በትንፋሽ፣ በጠቅላላው በአካል ነው የሚሠራው። እኛ ድሬዳዋዎች እኮ በአንድ ግቢ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም፣ አማርኛም፣ ሐረሪም እየተናገርን ነው የምንኖረው። በአንዱ ቋንቋ ቢሠራ ሌላው ይቀርበታል። የሚሸሽን ሰው ለማወቅ ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ድርቁ ይታያል። አንዲት ልጅ ባዶ ጀሪካን ይዛ በቆመችበት ትራመዳለች፤ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አትደርስም። ሁለት ልጆች ጎንበስ ብለው ላም ይሆኑና ጉልበታቸው ቀስ እያለ ይታጠፋል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከብት ያለቀባቸው የሲቲ አርብቶ አደሮች ዘመዶች መካከላችን አሉ። ልምምዱን አይተው ምንም ሳይናገሩ ነው የወጡት።

ከዚያ ጎርፉ ይመጣል። በፊት ከሩቅ የእግር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ አሥራ ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ የእድሩን ሸራ ዘርግተው ይደርሳሉ። (ሸራው ቢቀደድ ማን ይከፍላል ላሉት ገንዘብ ያዣችን፣ ልጆቹ ራሳቸው ሊሰፉት ተስማምተዋል።)

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነውን ትልልቆቻችን እናውቃለን። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በዚያ ሌሊት ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በተራቆተው ተራራ ተንደርድሮ፣ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። እዚያው ደጋ ላይ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ደርቆ ነበር። ልጆቹ ድርቁንና ጎርፉን በአንድ ቲያትር ያደረጉት ለዚህ ነው።

«የቆሰለ ለምን ይነካል?» ያሉን ቤተሰቦች አሉ። እውነት አላቸው። ኮሚቴው ተቀምጦ የማንም ስም እንዳይጠራ፣ የማንም ቤት እንዳይመሰል፣ ሬሳ እንዳይታይ ወስኗል። ማየት የማይችል አይመጣም፤ ማንም አይቀየመውም። ግን ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች በክረምትም ከወንዙ አይወጡም። «ግንብ ተሠርቷል» ይሉናል። ግንቡ መሠራቱ መልካም ነው፤ የተኛን ሰው ግን አይቀሰቅስም።

አንድ ነገር እንጨምር። ትርኢቱ መሐል ላይ ይቆምና ተመልካቹ «ውሃው መጣ፣ በየት ትወጣላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የፈለገ ተነስቶ ይገባና ያሳያል። ይህን ዓይነቱን አሠራር ያስፋፉት አውጉስቶ ቦአል የሚባሉ ብራዚላዊ ናቸው። እኛ በልምምድ ስንሞክረው ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁሉም ወደ ላይኛው ቅያስ ሮጠ። ቅያሱ ደግሞ በድንጋይ ክምርና በአሮጌ ቆርቆሮ ተዘግቷል! በቲያትር ስለሆነ ሳቅን እንጂ በሌሊት ቢሆን አያስቅም ነበር።

ስለዚህ ዕቃው የማን እንደሆነ የምታውቁ ንገሩልን። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ወጥተን ቅያሱን እናስከፍታለን፤ አካፋ ያለው አካፋውን ይዞ ይምጣ። ትርኢቱ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ነው። ወንበር ስለማይበቃ በርጩማችሁን ይዛችሁ ኑ።