ቤት መቼ ይሸጣል?



በአዲስ አበባ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ለምክር ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀን «ዋጋው ገና ይጨምራልን?» ብሎ ነው። እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፤ ገንዘቡን ተቀብለው ምን ሊያደርጉበት ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዋዜማው ቤቱን ሸጦ ብሩን በባንክ ያስቀመጠ ሰው፣ የቤት ማጠናቀቂያ ዕቃ አብዛኛው ከውጭ በሚመጣበት አገር፣ የመግዛት አቅሙ በእጁ ላይ ቀለጠ። ሸጦ ወዲያው በዚያው ሰፈር ሌላ ቤት የገዛ ግን ውድነቱ እምብዛም አልጎዳውም፤ የጨመረለትን ያህል ጨምሮ ከፍሏልና።

የሰፈርን ገበያ ለማወቅ ደላላ የሚጠራው ዋጋ አይበቃም፤ እርሱ የሻጭ ምኞት ነው። ጎረቤት በእርግጥ የተቀበለውን ገንዘብና ቤቱ ገዥ ሳያገኝ የቆየበትን ጊዜ መጠየቅ ያሻል። (በውል ላይ የሚሰፍረው አኃዝም፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ሁልጊዜ የተከፈለው አይደለም።)

ዋጋ በሚጋልብበት ወቅት ደግሞ ለቀብድ መቸኮል ያስከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የሚገዙትን ሳያገኙ ቀብድ አይቀበሉ እላለሁ።

ለሕክምና ወይም ለዕዳ የሚሸጥ ሰው ግን ገበያ አይጠብቅም። እንዲህ ያለውን ባለጉዳይ «ጥቂት ይታገሡ» ብዬ አላውቅም።