እንቅልፍ ስላጣ ተማሪ
(በደብረ ማርቆስ በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ ስለ ሳንባ ወይም ስለ ዓይን እንድናገር ጠብቆ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት እንቅልፍ ማጣትን ነው። ፈተና በቀረበ ቍጥር ከመካከላችን ስንቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ እንደሚያድር የሚያውቀው ጣራው ብቻ ነውና።

በጎጃም የምንማር ሰዎች እንቅልፍ ማጣትን የትጋት ምልክት አድርገን ማየት እንወዳለን፤ ለዚህም የዋሸራንና የጎንጅን የቅኔ ተማሪዎች ምስክር እንጠራለን። ዳሩ ግን ልብ ብሎ ላየው ምስክርነቱ በእኛው ላይ ነው። የቅኔው ተማሪ ቅኔ ሲቈጥር ደበሎውን ለብሶ፥ ከሰው ተለይቶ ወደ ሜዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል እንጂ መደቡ ላይ ተጋድሞ አይቈጥርም። እኛ ግን አልጋችንን ማንበቢያም፥ መብያም፥ መጨነቂያም አድርገነዋል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሕክምና የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አልጋ ላይ ነቅቶ መጨነቅን ያዘወተረ ሰው፥ ሰውነቱ አልጋውን ባየ ቍጥር መንቃትን ይማራል። ወንበር ላይ ሲያንጐላጅ ያመሸው ሰው ጋደም ሲል ዓይኑ ፍጥጥ የሚለው ስለዚህ ነው። ስለዚህ የሚተኛው እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ ይሁን፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቈይቶ ካልወሰደው ተነሥቶ ይውጣ፤ ሲያሸልበው ይመለስ፤ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጧት የሚነሣበትን ሰዓት አይለውጥ።

አርተር ስፒልማንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1987 የጻፉት ደግሞ ሲሰሙት ያስቈጣል። እንቅልፍ የጐደለው ሰው አልጋ ላይ የሚቈይበትን ጊዜ ይቀንስ ይላልና! ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ተጋድሞ የሚተኛው ግን አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ የሆነ ሰው፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በፊት አልጋው ላይ አይውጣ፤ በ12 ይነሣ። እንቅልፉ ሳይቈራረጥ መሙላት ሲጀምር በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት ይጨምርለታል። ከአምስት ሰዓት በታች ግን አይወረድም። የሚጥል በሽታ ያለበት፥ መኪና የሚነዳ፥ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም አይሞክረው።

እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀኖች መከራ ናቸው፤ በክፍል ውስጥ አንገቴን መሸከም አቅቶኝ ነበር። ዛሬም በሳምንት አንድ ሌሊት ያህል ይጠፋብኛል፤ ነገር ግን አልፈራውም። ፍርሃቱ ከእንቅልፍ ማጣቱ ይልቅ ይጐዳኝ ነበር።

ስለ ቡና ክፉ መናገር በዚህ አገር ድፍረት ነው፤ ቢሆንም ሒሳቡን ላሳያችሁ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በብዙ ሰው ላይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ10 ሰዓት አቦል፥ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደሙ ውስጥ አለ። ጫትማ የባሰ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያስነብብም የተነበበው በአእምሮ የሚጸናበትን እንቅልፍ ይነጥቃል። ጠላና አረቄ ቶሎ ያስተኛሉ፤ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ግን ይቀሰቅሳሉ። እንደ ዳያዝፓም ያሉት ክኒኖች ሲለመዱ ኃይላቸው ይደክማል፥ በድንገት ሲተዉም ችግሩ ብሶ ይመለሳል፤ ከጓደኛ ተበድሮ የሚዋጥ ነገር አይደለም። በሳምንት ሦስት ሌሊት፥ እስከ ሦስት ወር የዘለቀበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አንድ የሚያስደስት ነገርም አለ። ባዝል በተባለችው የስዊስ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች እጅና እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ እንደሚያንቀላፋ እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፈዋል። በእጅና በእግር ያሉት የደም ሥሮች ሲሰፉ የሆድ ዕቃ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውስጥ ሰውነት ሲቀዘቅዝም እንቅልፍ ይመጣል። እናቶቻችን ማታ የእንግዳውን እግር በሞቀ ውሃ ሲያጥቡ ይህን አስበው ነው አልልም፤ እንግዳው ግን ደኅና ያድር ነበር። ከጮቄ በኩል የሚወርደውን ብርድ ለምናውቅ ለእኛ አንድ ጆግ ሙቅ ውሃና የሱፍ ካልሲ ውድ መድኃኒት አይደለም።

እንግዲህ ለማኅበሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። «ተነሥተህ ውጣ» የሚለው ምክር የተጻፈው የብቻው ክፍል ላለው ሰው ነው። ከብዙ ጓደኛ ጋር የሚያድር ተማሪ በሌሊት ወዴት ይውጣ? መብራት ቢያበራ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ውጭ ቢወጣ ብርዱም ዘበኛውም አሉ። ስለዚህ በየማደሪያው ሕንጻ አንዲት ክፍል፥ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ደብዛዛ መብራት ብቻ ያላት፥ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት እንድትሆን ማኅበሩ ለአስተዳደሩ ያመልክት። የማጥኛ ክፍል እንዳትሆን ግን አደራ፤ ያን ጊዜ የሚተኛውም ሳይተኛ ያድርባታል። ማመልከቻውን ጽፌ ይዣለሁ፤ ስብሰባው ሲያልቅ በሩ አጠገብ ስለምቆም፥ የምትስማሙ እየፈረማችሁ እለፉ።