የሥራ ቦታ ስንመርጥ፤ ሰቆጣና አምደ ወርቅ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የመንግሥት ሠራተኛ በዘመኑ ከሚያጋጥሙት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ የዝውውር ደብዳቤ በደረሰው ዕለት የሚነሣው ነው። ደብዳቤው በእጁ ሲገባ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ «ከአዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «መኪና እስከ ደጁ ይደርሳል ወይ?» ይላል። እነዚህን ጥያቄዎች ከንቱ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በእነርሱ ብቻ የሥራ ቦታውን የመረጠ ሠራተኛ በስድስተኛው ወር ሌላ ማመልከቻ ይዞ ደጅ ሲጠና ይታያል። አባቶቻችን «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብለዋል። እውነት ነው፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ብቻ ሳይሆን ያለ ምክንያትም ያስፈራል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የዋግ ኽምራን ደጋማ አገር በምሳሌነት ወስደን፣ ወደዚያ ለሥራ የሚሄድ ሰው መቀመጫውን በምን መለኪያ ቢመርጥ እንደሚበጀው እንመለከታለን።

በቅድሚያ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ዋግ ከላስታ በስተ ሰሜን፣ በተከዜ ሸለቆ አጠገብ የሚገኝ ተራራማ አገር ሲሆን ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ ራሱን የቻለ የብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ዋና ከተማው ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ አገር ትናንት የቀና መንደር እንዳይመስላችሁ። ዋግ ሹም የሚል የማዕርግ ስም የነበራቸው ገዥዎች ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት ሲሆን፣ ከእነርሱም አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ነግሠዋል። የሰቆጣ ገበያም አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ በሚያገለግልበት ዘመን ነጋዴ ከሩቅ የሚመጣበት የታወቀ ገበያ ነበር። በከተማይቱ አቅራቢያ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ወደ ዋግ የተመደበ ሰው ወደ ጥንታዊ የአስተዳደር መናገሻ ይሄዳል እንጂ ወደ ምድረ በዳ አይጣልም።

ወደ ምርጫው እንመለስ። በዋግ ኽምራ ለሠራተኛ የሚቀርቡት ሥፍራዎች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ሰቆጣ ራሷ ናት። የአስተዳደሩ መምሪያዎች፣ ሆስፒታሉና የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚያው ናቸው። በኮረም በኩልም ሆነ በላሊበላ በኩል የሚመጣው መንገድ ሰቆጣ ይገባል። ለአቅመ ትምህርት የደረሱ ልጆች ላሉት፣ ወይም በየጊዜው ሐኪም ማየት ለሚያስፈልገው ሰው ሰቆጣ ትሻላለች። ዳሩ ግን መሥሪያ ቤት በሚበዛበት ከተማ የቤት ፈላጊውም ብዛት የዚያኑ ያህል መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው እንደ አምደ ወርቅ ያለው የደጋ ወረዳ ከተማ ነው። ስሙ የወርቅ ዓምድ ማለት ሲሆን፣ ከሰቆጣ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሌሊቱ ብርዳም ነው፤ ወፍራም ጋቢና ብርድ ልብስ ሳይዙ መሄድ አያዋጣም። በአካባቢው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። በእንዲህ ያለው ከተማ የሚቀመጥ ሠራተኛ ብዙ ነገር ቢጎድልበትም አንድ ታላቅ ጥቅም ያገኛል፤ ይኸውም ሥራው ከሚመለከተው ገበሬ ጋር በየገበያው ቀን ፊት ለፊት መገናኘቱ ነው። በሰቆጣ ወረቀት ሆኖ የሚታየው ጉዳይ በአምደ ወርቅ ሰው ሆኖ በር ያንኳኳል።

ሦስተኛው ቆላው ነው። የዝቋላ ወረዳ ከተማ ፅፅቃና የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ኒሯቅ ወደ ተከዜ ባዘቀዘቀው አገር ይገኛሉ። ስመ ጥሩው የአበርገሌ ፍየል የሚረባው በዚህ በኩል ነው። የተከዜ ግድብ በ2001 ዓ.ም. ከተጠናቀቀ ወዲህም ዓሣ ማስገር ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ይሁንና ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ወባ መኖሩን ማወቅ፣ አጎበርም መያዝ ግዴታ ነው። የበረሃ አበል የሚታሰብ መሆኑንም ከመሄድ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል።

ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ይመረጥ? ቁርጥ ያለ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ።

በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ የዋግ ሕዝብ የደረሰበት መከራ ዓለም ያወቀው ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ዐወጀ። ዓላማው እስከ 2030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስወገድ ነው። የሕክምና ዐዋቂዎች እንደሚያስረዱት፣ ሕፃን ከተፀነሰበት ዕለት አንሥቶ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ሺሕ ቀን ያህል ነው። በዚህ ጊዜ በምግብ እጥረት የተጎዳው አካልና አእምሮ በኋላ በቀላሉ አይጠገንም።

ይህን አንድ ሺሕ ቀን ልብ በሉት፤ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ነው። አንዲት እናት ማርገዟን መዝግቦ፣ ልጇ በእግሩ ቆሞ ሮጦ እስኪታይ ድረስ ሊከታተላት የሚችለው፣ ያን ያህል ጊዜ በሥፍራው የተቀመጠ ሠራተኛ ብቻ ነው። በስድስት ወሩ የሚዛወር የጤና ሠራተኛ መዝገብ ይከፍታል እንጂ መዝገብ አይዘጋም። የግብርናው ባለሙያም ቢሆን የተከለው ችግኝ ሁለት በጋ ማለፉን፣ ያሠራው እርከንም ሁለት ክረምት መቋቋሙን ሳያይ ምን እንደ ሠራ አያውቅም። መምህሩም እንደዚሁ ነው። ተራራማውን አገር የሚጎዳው የሠራተኛ ማነስ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ መለዋወጥ ጭምር ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ አንድ ሺሕ ቀን ልትቀመጡበት የምትችሉትን ሥፍራ ምረጡ። ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ይህን መለኪያ አድርጉ። የልጆቹ ትምህርት ለሦስት ዓመት በዚያ ይቀጥላል ወይ? ውሃ በበጋ ከየት ይቀዳል? መንገዱ በሐምሌና በነሐሴ ይዘጋል ወይ? ከተዘጋስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከወዲሁ ምን ያህል ይያዝ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በአምደ ወርቅ መልስ ያገኘ ሰው ሰቆጣን ባለማግኘቱ አይዘን። መልስ ያላገኘ ደግሞ በይሉኝታ ሄዶ በስድስት ወሩ ከሚመለስ፣ ከመጀመሪያው ሰቆጣን ቢለምን አገሩን የበለጠ ይጠቅማል።

የጸጥታውም ጉዳይ ሊታለፍ አይገባም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት በዋግ ኽምራ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል፤ መሥሪያ ቤቶችንም አውድሟል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገድ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጓዝ ከመጫን በፊት በሥፍራው ያለውን ባልደረባ ጠይቆ መረዳት ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ለኑሮ የሚጠቅሙ ሁለት ምክሮችን ልጨምር። የዓመት እህላችሁን መኸር ገብቶ ዋጋው ሳይወደድ፣ በጥርና በየካቲት ሸምታችሁ አኑሩ። ደግሞም ኽምጣና ተማሩ። አማርኛ በዋግ የሚያግባባ ቢሆንም፣ ኽምጣና የአገው ሕዝብ የአፍ መፍቻና በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ነው። በቋንቋዋ ሰላምታ ያቀረበላትን ሠራተኛ እናት ልጇን ለመመዘን አታመነታም። ዕድር ግቡ፤ ለቅሶ ድረሱ፤ እንግዳ ሆኖ የመጣ ጎረቤት የሚሆነው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የምናገረው አለኝ። ያጠፋን ሠራተኛ ለቅጣት ወደ ሩቅ ወረዳ የመላክ ልማድ ባለበት ሁሉ፣ ሠራተኛው አንድ ጊዜ ሲቀጣ ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ አንድም ሥራ የማይወድ ሰው ስለ ደረሰው፣ አንድም አገሩ የመቀጫ ሥፍራ ስለ ተባለ። ወደ አምደ ወርቅ የሚላከው ሰው መርጦ የሄደ፣ ደመወዙ በወሩ የሚደርሰው፣ የሚመለስበትም ጊዜ የታወቀ ይሁን።

እንዲህ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰን የኪሎ ሜትሩን ብዛት ከመጠየቃችን በፊት «በዚያ ጀምሬ የምፈጽመው ሥራ ምንድር ነው?» ብለን እንጠይቃለን።