ባትሪም ቀለብ ይሻል
(ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሞተር ብስክሌት ባትሪ ነው። «እኛ በእግራችንና በበቅሎ የምንሄድ ሰዎች ነን፤ ባትሪ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እስኪ አስቡት። የጤና ሠራተኛው ክትባት ይዞ የሚመጣው በምንድን ነው? የእርሻ ባለሙያውስ? ብዙ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው። ያቺ ሞተር ብስክሌት አልነሣም ያለች ቀን የሚጎዳው ነጂዋ ብቻ አይደለም፤ እኛም ነን። ይህን ያወቅኩት በራሴ ጥፋት ነው። እንግዲህ ከጥፋቴ ልጀምር።

በጣቢያችን አንዲት ሞተር ብስክሌት ነበረች። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ወንዙም ሞላ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ከቤት አልወጣችም። የመጠበቁ ኃላፊነት የእኔ ነበር። አጠብኳት፤ ከመጋዘን አስገባኋት፤ ሸራ አለበስኳት። ደኅና አድርጌ ያስቀመጥኳት መሰለኝ። ባትሪውን ግን አልነካሁትም።

መስከረም ጠባ። እንደምታውቁት ወባ የምትበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በወሩ መጨረሻ አንድ ሌሊት የጎረቤታችን ልጅ በትኩሳት ነደደ። መድኃኒቱ ያለው ከወረዳው ከተማ ነበር። ሞተር ብስክሌቷን አወጣን። ቁልፉን ባዞርኩት መብራቷ እንደ ክብሪት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ማስነሻዋን ረገጥን፤ ገፋናት፤ በቁልቁለት ለቀቅናት። እምቢ አለች። የእሷ ዓይነት ሞተር ባትሪው ከሞተ ካንዴላው ብልጭታ አይሰጥም። የልጁ አባት በቅሎ ጭኖ በጨለማ ሄደ። መድኃኒቱ የደረሰው ረፋዱ ላይ ነው። ልጁ ዳነ፤ እግዜር ይመስገን። እናቱ ግን እስኪነጋ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ስታብስ እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መጡና «ልጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ ምን አበላሃት?» አሉኝ።

«አባባ፣ ቆማ ነው የከረመችው፤ ምን ትበላለች?» አልኳቸው።

«በሬዬም በበጋ ሥራ ይፈታል። ሥራ ፈታ ብዬ ጭድ ብከለክለው ለሰኔ ያርስልኛል?» አሉ።

እኔም በልቤ ሳቅኩ። በኋላ ባትሪውን ተሸክሜ ከከተማ ጋራዥ ስደርስ ግን መካኒኩ የነገረኝ ያንኑ ነው።

ባትሪ ምንድን ነው?

ባትሪ የኤሌክትሪክ ጎተራ ነው። ይህን ዓይነቱን እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራ ባትሪ መጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1859 ነበር። የባትሪው ሣጥን በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ወደ 2 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ባለ 3 ክፍሉ ባትሪ 6 ቮልት፣ ባለ 6 ክፍሉ ደግሞ 12 ቮልት ይባላል።

በየክፍሉ ውስጥ የእርሳስ ዝርግ ሳህኖች አሉ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ ጥይት የሚሠራበትን ከባዱን ብረት ማለቴ ነው። ሳህኖቹ በውሃ በተበረዘ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱና እርሳሱ ይዋሐዱና በሳህኖቹ ላይ ጨው የሚመስል ነጭ ነገር ይፈጠራል። ባትሪው ሲሞላ ይህ ነጭ ነገር ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ታዲያ ባትሪው ሥራ ሲፈታስ? ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ማንም ሳይሰፍረው ነቀዝ ይበላው የለም? ባትሪም እንደዚያው ነው። ማንም ሳይነካው ኃይሉ ቀስ በቀስ ያልቃል። በሙቀት ጊዜ የቆየው ዓይነት ባትሪ በቀን ወደ 1 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ሦስት ወር ማለት 90 ቀን ነው። ሒሳቡን እናንተው አስሉት።

ከዚህ የባሰም አለ። ነጩ ነገር ብዙ ከቆየ ይጠጥራል። እርጥብ ጭቃ በውሃ ታጥቦ ይለቃል፤ ደርቆ የከረመ ጭቃ ግን ቢፍቁትም አይለቅም። ነጩ ነገርም ከጠጠረ በኋላ ባትሪውን ቢሞሉት እሺ አይልም። የእኔም ባትሪ የሞተው በዚህ ነው። ከሥራ ብዛት አልሞተም፤ ከረሃብ ነው የሞተው።

ሞተር ብስክሌት ስታስቀምጡ

1ኛ. መጀመሪያ ባትሪውን አስሞሉት። የጎደለ ባትሪ አይቀመጥም።

2ኛ. ባትሪውን ከሞተር ብስክሌቷ ፍቱት። በመጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቩ፣ ማለት የመቀነስ (-) ምልክት ያለበት ነው። ቀጥሎ ፖዘቲቩ፣ ማለት የመደመር (+) ምልክት ያለበት ይፈታል። ሲመለስ ግን ፖዘቲቩ ይቀድማል። ለምን? ኔጋቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የሞተሯን ብረት ከነካ ይፈነጥቃል፤ እጅም ያቃጥላል።

3ኛ. ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የውሃውን ልክ እዩ። በሣጥኑ ላይ የላይና የታች መሥመር አለ። ውሃው በሁለቱ መካከል ይሁን። ሲጎድል የሚጨመረው ከጋራዥ ወይም ከነዳጅ ማደያ የሚገዛው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ አይጨመርም፤ የጎደለው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። የምንጭ ውሃም አይሆንም፤ ጨውና ማዕድን አለበት። «አፍልቼ ልጨምር» እንዳትሉ፤ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውን አያስወጣም። ክዳኑ የታሸገውን አዲሱን ዓይነት ባትሪ ግን አትክፈቱት።

4ኛ. ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡት። ከምድጃና ከልጆች ይራቅ። «ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ኃይሉን ይመጠዋል» የሚሉ አሉ። የዛሬው ባትሪ ሣጥኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ይህ አያሰጋም። ሣንቃ ላይ ማድረጉ ግን ከእርጥበት ያድነዋል።

በየወሩ

በወር አንድ ጊዜ ባትሪው ይለካ። ከተሞላ በኋላ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ጠግቧል። ከ12.4 በታች ከወረደ መሞላት አለበት። 12 ከደረሰ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል።

በመንደራችን ኤሌክትሪክ ከሌለ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይዛችሁት ውረዱ። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከስንቅ ጋር በአንድ ከረጢት አትክተቱት። ለጋራዡ ሰው ግን ይህን ንገሩት፦ «የሞተር ብስክሌት ባትሪ ነው፤ በቀስታ ሙላልኝ።» የመኪናው መሙያ ለትንሹ ባትሪ ይበረታበታል፤ ያፈላዋል። ደንቡ አንድ አሥረኛ ነው። በባትሪው ላይ 5 አምፔር ሰዓት የሚል ከተጻፈበት በ0.5 አምፔር ይሞላል። ሰዓት ይፈጃል፤ ቢሆንም መቸኮል አይበጅም። የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ያለው ሰውም መቆጣጠሪያውን አድርጎ በእሱ ሊሞላ ይችላል።

አንዳንዱ ሰው ሞተሩን አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ያጠፋና «መግቤዋለሁ» ይላል። በቁልፍ ለሚነሣ ሞተር ይህ ማታለል ነው። ለማስነሣት የወጣው ኃይል በአምስት ደቂቃ አይመለስም።

መቼ ይለወጣል?

ሞልቶ አድሮ በማግስቱ ባዶ የሚሆን፣ ሣጥኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ፣ አንዱ ክፍሉ ከሌሎቹ ተለይቶ የደከመ ባትሪ ይለወጥ። አዲሱ ሲገዛ ቮልቱ፣ አምፔር ሰዓቱ፣ ቁመቱና ወርዱ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። አሮጌውን ይዞ መሄድ ይበጃል።

አሲድ ያልተጨመረበት አዲስ ባትሪ ከሆነ አሲዱን ባለሙያ ይሙላው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ፤ ቀጥሎ በመሙያ ይሞላ፤ ከዚያ በኋላ ይታሰር። ሳይሞላ የታሰረ አዲስ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። በመተንፈሻው አፍ ላይ የማሸጊያ ክዳን ካለ ይነሣ፤ የመተንፈሻው ቱቦም እንዳይታጠፍ። መተንፈሻ ያጣ ባትሪ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥንቃቄ

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በእሳት ይፈነዳል። ስለዚህ አጠገቡ ኩራዝ አይበራ፤ ሲጋራ አይጨስ። አሲዱ ልብስና ቆዳ ይበላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እርሳስ መርዝ ነው፤ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። አሮጌ ባትሪ ከወንዝ አይጣል፤ እርሳሱ በግቢ ውስጥ አይቅለጥ፤ ሣጥኑም የጨው ወይም የውሃ ዕቃ አይሁን። ለሻጩ ወይም ለጋራዡ ይመለስ።

ልጨርስ ነው። በተከታዩ ክረምት ባትሪውን የጠበቀው ከእናንተው አንዱ፣ የዚያ የታመመው ልጅ አባት ነበር። ፊደል ከቆጠረ ገና ጥቂት ወሩ ነው። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፈ። በየወሩ ቀኑንና የለካውን ቁጥር በእጁ ይጽፍ ነበር። አንድ ወር ቁጥሩ 12.3 ሆኖ አየና ማንም ሳይነግረው ባትሪውን ይዞ ከተማ ወረደ። መስከረም ሲጠባ ሞተር ብስክሌቷ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣች። ሽማግሌውም ከበር ቆመው ነበርና «ዘንድሮ በልታለች» አሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለም? በወር አንድ ቀን፣ አንድ መሥመር ጽሑፍ። ከዚህ የሚበልጥ ድካም የለውም።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባትሪ ሥራ ሳይሠራ ኃይሉ የሚያልቀው ለምንድን ነው?
2. ባትሪ ሲፈታ የትኛው ሽቦ ይቀድማል? ሲመለስስ?
3. የጎደለ ባትሪ ላይ ምን ይጨመራል? ምንስ አይጨመርም?
4. በአካባቢያችሁ ሥራ ፈቶ የሚከርም ሌላ ምን መሣሪያ አለ? ማን ይጠብቀዋል?